ቀስ ብሎ ማንበብ ገንዘብ ያስወጣ በነበረበት ጊዜ

እስቲ አንድ ነገር አስቡ። በስልካችሁ አጭር ጽሑፍ ከፈታችሁ እንበል። ጽሑፉ አንዴ መጥቷል፤ አሁን ምንም እያወረዳችሁ አይደለም፣ ዝም ብላችሁ እያነበባችሁ ነው። በመሃል እናታችሁ ጠሩዋችሁ። ስልኩን አስቀምጣችሁ ሄዳችሁ፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ተመለሳችሁ። "የአምስቱን ደቂቃ ሂሳብ ክፈሉ" ብትባሉስ?

"ምን ተጠቅሜ?" ማለታችሁ አይቀርም። ግን የሞባይል ኢንተርኔት ሲጀመር በብዙ አገር ሰው የሚከፍለው ልክ እንዲህ ነበር።

የሞባይል ኢንተርኔት ታሪክ ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚወራው ስለ ፍጥነት ነው፤ 2ጂ፣ 3ጂ፣ 4ጂ እየተባለ። ዛሬ ከፍጥነቱ ጋር ሌላ ጥያቄ እንጨምር፦ ሂሳቡ የሚቆጥረው ምንድን ነው? ጊዜን ወይስ የመረጃን መጠን?

ኮንትራት ታክሲው

ከአውሮፓ ተነስቶ በ1990ዎቹ በዓለም የተስፋፋው ጂኤስኤም የተባለው የሞባይል ሥርዓት በዋነኛነት የታሰበው ለድምፅ ነበር። አንዱን የሬዲዮ ሞገድ ለስምንት ተራ ይከፋፍለዋል። ስምንት ሰዎች በዚያው ሞገድ ላይ፣ ጆሮ በማይለየው ፍጥነት እየተፈራረቁ ያወራሉ።

በዚህ ሥርዓት ኢንተርኔት ለማግኘት የመጀመሪያው ዘዴ ሲኤስዲ ይባላል። ስልኩ ልክ ሰው እንደሚደውለው ይደውልና አንዷን ተራ ይይዛል። መስመሩ እስኪዘጋ ድረስ ያቺ ተራ የእሱ ብቻ ናት። ፍጥነቱ በሰከንድ 9.6 ኪሎቢት ነበር፤ በኋላ 14.4 ደርሷል።

ኮንትራት ታክሲ ይዛችሁ ዘመድ ጥየቃ እንደመሄድ ቁጠሩት። እናንተ ቤት ውስጥ ቡና ስትጠጡ ሹፌሩ ደጅ ቆሞ ይጠብቃል። መኪናው አልተንቀሳቀሰም፤ ግን ሌላ ሰው ሊጭን አይችልምና ላቆያችሁት ሰዓት ትከፍላላችሁ። ሲኤስዲም ያው ነው።

እስቲ በቁጥር እንየው። አንድ ኪሎባይት የሚሆን ጽሑፍ 1,024 ባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ 8,192 ቢት ይሆናል። በሰከንድ 9,600 ቢት በሚያሳልፍ መስመር አንድ ሰከንድ እንኳ ሳይሞላ ይደርሳል። ጽሑፉን ለማንበብ ግን አንድ ደቂቃ ብትወስዱ፣ ከደቂቃው ሂሳብ አብዛኛው የተከፈለው መረጃው ለመጣበት ሳይሆን እናንተ ላነበባችሁበት ነው። ቀስ ብሎ የሚያነብ ሰው ከፈጣኑ የበለጠ ይከፍላል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1999 ኖኪያ 7110 የተባለ ስልክ ዋፕን ይዞ ብቅ አለ። ዋፕ ገጾችን ለትንሽ ስክሪን የሚያዘጋጅ ደንብ ነው። መጀመሪያ ላይ በአብዛኛው የሚጓዘው በዚያው በሲኤስዲ ላይ ስለነበር ተጠቃሚው መስመሩ እስኪገናኝ ይጠብቃል፣ ከዚያ ደቂቃው ይቆጥርበታል። ብዙዎች አንዴ ሞክረው ተዉት።

ያው ፍጥነት፣ ሌላ ሂሳብ

በዚያው ዓመት፣ ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1999፣ በጃፓን ኤንቲቲ ዶኮሞ የተባለው ኩባንያ አይ-ሞድን ጀመረ። ፍጥነቱ ስንት ይመስላችኋል? እዚያም በሰከንድ 9.6 ኪሎቢት ነው! በፍጥነት ከሲኤስዲ ምንም አይበልጥም።

ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነበር። አይ-ሞድ መረጃውን ፓኬት በሚባሉ ትንንሽ እሽጎች ከፋፍሎ ይልካል። የሚላክ ነገር ከሌለ መስመሩን ሌላ ሰው ይጠቀምበታል። ስለዚህ ክፍያውም በእሽግ ሆነ፦ 128 ባይት ለሚይዝ አንድ ፓኬት 0.3 የን። የእኛ አንድ ኪሎባይት ጽሑፍ 8 ፓኬት ነው፤ 2.4 የን መሆኑ ነው። ከመጣ በኋላ አንድ ሰዓት ሙሉ ብታነቡት ጭማሪ የለም።

በኦገስት 2000 የአይ-ሞድ ተጠቃሚዎች 10 ሚሊዮን ደረሱ። እርግጥ ምክንያቱ ክፍያው ብቻ አልነበረም። ገጾቹ የሚጻፉበት ቋንቋ ከተለመደው የድረ ገጽ ቋንቋ ጋር ስለሚቀራረብ ብዙ ሰው ገጽ መሥራት ችሏል፤ ኢሜይልም አብሮ ነበር። ግን ሰው ሰዓት ሳይፈራ ገጽ መክፈት መቻሉ ትልቅ ነገር ነው።

ሁለት መንገዶች

የጂኤስኤም መሐንዲሶችም ዝም ብለው አልተቀመጡም። አንዱ መፍትሔ ኤችኤስሲኤስዲ ነበር፦ ለአንድ ሰው አንድ ሳይሆን እስከ አራት ተራ መስጠት። አራት ጊዜ 14.4 ሲደመር 57.6 ኪሎቢት በሰከንድ ይሆናል። ፈጣን ነው፤ ግን አራት ኮንትራት ታክሲ ደጅ ማቆም ማለት ነው።

ሁለተኛው ከ2000 ጀምሮ አገልግሎት ላይ የዋለው ጂፒአርኤስ ነው። እንደ አይ-ሞድ በፓኬት ይሠራል፤ መደወል የለም፣ ክፍያውም ብዙ ጊዜ በኪሎባይት ነው። በወረቀት ላይ እስከ 171.2 ኪሎቢት ይደርሳል ይባል ነበር፤ ያ ግን ስምንቱንም ተራ ለብቻ ይዞ፣ ጥራት ያለው ሲግናል ሲገኝ ነው። አራት ተራ የሚጠቀም ስልክ በተለመደው አሠራር ቢበዛ 53.6 ኪሎቢት ያገኛል። ሰፈሩ ውስጥ የሚያወራ ሰው ሲበዛ ደግሞ ድምፅ ቅድሚያ ስላለው ኢንተርኔቱ ይንቀራፈፋል።

በ2003 ኤጅ መጣ። እሱ ተራ አልጨመረም፤ በእያንዳንዱ የሬዲዮ ምልክት ላይ ከአንድ ቢት ይልቅ ሦስት ቢት መጫን ቻለ። በአራት ተራ እስከ 236.8 ኪሎቢት ይወጣል። በ2007 የወጣው የመጀመሪያው አይፎን የሚጠቀመው ኤጅን ነበር።

አንድ ሜጋባይት ለማውረድ፣ ሁሉም ነገር ከተመቻቸ፣ የሚወስደው ጊዜ ይኸውና፦
– ሲኤስዲ (9.6)፦ 14 ደቂቃ ተኩል ገደማ
– ኤችኤስሲኤስዲ (57.6)፦ 2 ደቂቃ ተኩል ገደማ
– ጂፒአርኤስ (53.6)፦ 2 ደቂቃ ከ36 ሰከንድ ገደማ
– ኤጅ (236.8)፦ 35 ሰከንድ ገደማ

ታዲያ ፓኬት ሁልጊዜ ይረክሳል?

አይደለም! አንድ ሜጋባይት 8,192 ፓኬት ነው። በ0.3 የን ስታባዙት ወደ 2,458 የን ይመጣል። አሁን ለምሳሌ ያህል ብቻ በደቂቃ 10 የን የሚያስከፍል የሲኤስዲ መስመር አለ እንበል። በ14 ደቂቃ ተኩል ያንኑ ፋይል በ145 የን አወረዳችሁት። ትንሽ አውርዶ ብዙ ለሚያነብ ፓኬት ይሻላል፤ ትልቅ ፋይል አውርዶ ቶሎ ለሚዘጋ ደግሞ ደቂቃው ይረክሳል።

ጃፓኖችም ይህ ደርሶባቸዋል። ስልኮቹ ሥዕልና ሙዚቃ ማውረድ ሲጀምሩ ሳያስቡት ከባድ ሂሳብ የመጣባቸው ሰዎች በዙ፤ ነገሩም "የፓኬት ሞት" የሚል ስም ወጣለት። በ2004 ዶኮሞ ለ3ጂ ደንበኞቹ በወር ቁርጥ ያለ ክፍያ ከፍለው ያለገደብ የሚጠቀሙበትን አማራጭ አመጣ።

ይሄ ሁሉ የድሮ ወሬ እንዳይመስላችሁ። ዛሬም ጥቅል ስትገዙ አንዱ በሜጋባይት የተቆጠረ ነው፣ ሌላው ያልተገደበ ሆኖ ለተወሰነ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል። የትኛው ይሻላል የሚለው መልስ ያለው በማስታወቂያው ላይ ሳይሆን በእናንተው አጠቃቀም ውስጥ ነው። ስልካችሁ ላይ የዳታ አጠቃቀም የሚያሳየውን ገጽ ክፈቱና ባለፈው ወር ስንት ሜጋባይት እንደጨረሳችሁ እዩ። ከዚያ እርሳስና ወረቀት አንሱ፤ ማካፈልና ማባዛት ይበቃል።