ተመልካችን መቁጠርና ፊልም ማቀድ

ለሕዝብ ትምህርት አጭር ፊልም ለማዘጋጀት የሚነሣ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ታሪኩ፥ ስለ ሥዕሉና ስለ ወጪው ነው። ተመልካቹ ከአዳራሹ ሲወጣ ምን ይዞ ይወጣል የሚለው ጥያቄ ግን አብዛኛውን ጊዜ በግምት ይታለፋል። ይህን ግምት በቁጥር ከመረመሩት ሥራዎች አንዱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ ጦር ሠራዊት ውስጥ የተደረገው ጥናት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የጥናቱን ታሪክ በአጭሩ ተርኮ ለፊልም ዕቅድ የሚሰጠውን ትምህርት ማመልከት ነው፤ ዓመታቱም የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በ1942 ዓ.ም. የሠራዊቱ ኤታማዦር ሹም ጄኔራል ጆርጅ ማርሻል የጦርነቱን ምክንያት ለወታደሮች የሚያስረዱ ፊልሞች እንዲሠሩ የሆሊውዱን ፊልም አዘጋጅ ፍራንክ ካፕራን አዘዙ። በዚህም መሠረት እስከ 1945 ዓ.ም. ድረስ «ለምን እንዋጋለን» በሚል ስም 7 ፊልሞች ተሠሩ። የዕቅዱ መነሻ አሳብ፥ ወታደሩ ምክንያቱን ካወቀ ያምናል፤ ካመነም በሙሉ ፈቃዱ ይዋጋል የሚል ነበር።

ይህ አሳብ እውነት መሆኑን ለማወቅ፥ በሶሲዮሎጂው ሊቅ በሳሙኤል ስቶፈር ይመራ የነበረው የሠራዊቱ የምርምር ክፍል ተመልካቾቹን መመርመር ጀመረ። የፊልሙን ጥናት የመሩት የሥነ ልቡናው ሊቅ ካርል ሆቭላንድ ሲሆኑ፥ ውጤቱን ከአርተር ላምስዴይንና ከፍሬድ ሼፊልድ ጋር በ1949 ዓ.ም. በመጽሐፍ አሳትመውታል። ከተመረመሩት ፊልሞች አንዱ በ1943 ዓ.ም. የወጣውና አንድ ሰዓት የማይሞላው «የብሪታንያ ጦርነት» ነበር። አጥኚዎቹ ተመሳሳይ የሆኑ የወታደር ቡድኖችን መርጠው ለአንዳንዶቹ ፊልሙን አሳዩ፤ ለሌሎቹ ግን አላሳዩም። ከዚያም ሁሉም ስማቸውን ሳይጽፉ ለአንድ ዓይነት ጥያቄዎች መልስ ሰጡ። የጥያቄው ወረቀት ከፊልሙ ጋር ግንኙነት እንዳለው አልተገለጸላቸውም፤ ይህም ወታደሩ አለቆቹን ደስ ያሰኛል ብሎ ያሰበውን መልስ እንዳይሰጥ ነው።

ከጥያቄዎቹ አንዱ፥ ጀርመኖች የእንግሊዝን የጦር አይሮፕላኖች በምድር ላይ እንደ ቆሙ ሊያጠፏቸው ያልቻሉት ስለምን ነው የሚል ነበር። መልሱ አይሮፕላኖቹ በሜዳው ዳር ዳር ተበታትነው ይቆሙ ስለ ነበር ነው። ፊልሙን ካላዩት 21 በመቶ፥ ካዩት ግን 78 በመቶ በትክክል መለሱ። እንግዲህ ፊልሙ በማስተማር በኩል ሥራውን ፈጽሟል። አስተያየትን በመለወጥ በኩል ግን ኃይሉ አነስተኛ ሆኖ ተገኘ። ለመዋጋት ያለው ፈቃድ ሲለካ ደግሞ ባዩትና ባላዩት መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። እንዲሁም ከ5 ቀንና ከ9 ሳምንት በኋላ የተሰጡት መልሶች ሲነጻጸሩ፥ ዝርዝር ዕውቀቱ በብዛት ሲረሳ፥ አንዳንድ አስተያየቶች ግን ከመጀመሪያው ይልቅ በርትተው ተገኙ።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገሮች እንማራለን። አንደኛ፥ ፊልሙ እንዲያሳውቅ፥ እንዲያሳምን ወይም ወደ ሥራ እንዲያነሣሣ የታሰበ መሆኑ ካሜራው ከመነሣቱ በፊት መለየት አለበት፤ መለኪያው ለያንዳንዱ ልዩ ነውና። ሁለተኛ፥ ፊልሙን ያላዩ ሰዎች አብረው ካልተጠየቁ፥ የተመልካቹ መልስ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ሦስተኛ፥ በማግሥቱ ብቻ የተቆጠረ ቁጥር የኋላውን አያስረዳም።

በርግጥ ቁጥር ልዩነቱን ያሳያል እንጂ ምክንያቱን በራሱ አይናገርም። ለሞት የሚያሰጋ ነገርን መፍራት በአንድ ፊልም ይለወጣል ብሎ መጠበቅም ከመጠን በላይ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን አሳቡ ባይቆጠር ኖሮ፥ የወታደሩ ዕውቀት መጨመር ብቻ ታይቶ ፈቃዱም አብሮ እንደ ጨመረ በተወሰደ ነበር። ስለ ንጹሕ ውሃ ፊልም የሚያቅድ ሰውም ይኸው ስሕተት ይጠብቀዋል። ሕመሙ ከውሃው እንደሚመጣ የሚያውቁትን ሰዎች ቆጥሮ ደስ ከመሰኘቱ በፊት፥ ውሃውን አፍልተው የሚጠጡት ስንት እንደ ሆኑ መቁጠር ይገባዋል።