«አለመረጋጋት» ወይስ «ኢርጉዕነት»? የአንድ የፊዚክስ ቃል ታሪክ

አንድን የሙያ ቃል ወደ አማርኛ ለመመለስ ስንነሣ አስቀድመን መመርመር የሚገባን ባለሙያዎቹ በቃሉ ምን ማለት እንደ ፈለጉ ነው። በከባድ አዮኖች አማካይነት የኑክሌር ውሕደት ለማስገኘት በሚደረገው ምርምር ውስጥ «የፈሳሾችን አለመረጋጋት መቆጣጠር» ተብሎ ሊተረጐም የሚችል ሐረግ አለ። ትርጕሙ ለጆሮ ይጥማል፤ ነገር ግን አንባቢን ያሳስታል።

«ረጋ» የሚለው ግሥ ከግእዙ «ረግዐ» ጋር አንድ ሥር አለው። ወተት ሲረጋ እርጎ ይሆናል፤ የተናወጠ ውሃም፣ የተቈጣ ሰውም ይረጋል። በዚህ ሁሉ ቃሉ የሚያመለክተው ጸጥ ማለትን ነው። ስለዚህ «አለመረጋጋት» ስንል አንባቢው የሚረዳው መናወጥን፣ መታወክን ነው። የፊዚክሱ ጽንሰ ሐሳብ ግን ከዚህ ይለያል።

እ.ኤ.አ. በ1883 እንግሊዛዊው ሎርድ ሬይሊ ከባድ ፈሳሽ ከቀላል ፈሳሽ በላይ ቢቀመጥ የሚሆነውን በሒሳብ መረመረ። የሁለቱ ወሰን ፍጹም ልሙጥ እስከ ሆነ ድረስ ምንም ነገር አይነቃነቅም። ኢምንት ሞገድ ከተፈጠረ ግን በራሱ እያደገ ይሄዳል። በ1950 ጂ. አይ. ቴይለር ቀላሉ ፈሳሽ ከባዱን እየገፋ ሲያፈጥነውም ያው ነገር እንደሚደርስ አሳየ፤ ሉዊስም በዚያው ዓመት በሙከራ አረጋገጠው። እንግዲህ ጸጥ ያለ ሁሉ ርጉዕ አይደለም፤ በጫፉ የቆመ ዘንግም ለጊዜው አይንቀሳቀስም።

በ1972 ጆን ናኮልስና ባልደረቦቹ ጥቂት የሃይድሮጂን ነዳጅ በሌዘር ጨምቆ ውሕደት ማስገኘት እንደሚቻል በጽሑፍ አቀረቡ። በዚያው ዐሥርተ ዓመት በአሜሪካ የአክስለሬተር ሊቃውንት በሌዘር ፈንታ የከባድ አዮኖች ጨረር እንዲሠራበት ሐሳብ አመጡ። ነዳጁን ለቅጽበት አንድ ላይ የሚያቆየው የራሱ ኢነርሺያ ብቻ ነው። የነዳጁ እንክብል ውጫዊ ክፍል በሙቀት ሲተን፣ ስስ ፕላዝማ ጥቅጥቁን ቅርፊት ወደ ውስጥ ይገፋል፤ በመጨረሻም በመካከል ያለው ትኩስና ስስ ነዳጅ ያንኑ ቅርፊት መልሶ ይገታል። የቴይለር ሁኔታ በዚህ ሁለት ጊዜ ይሟላል ማለት ነው። የጨረሩ ሙቀት በእኩልነት ካልተዳረሰ ጕድለቱ የሞገድ ዘር ይሆናል፤ ሞገዱ አድጎ ቀዝቃዛው ከትኩሱ ሲደባለቅ ውሕደቱ ይከሽፋል። «ፈሳሽ» የሚለውም ቃል እዚህ ላይ ጋዝንና ፕላዝማን ጭምር እንደሚያጠቃልል ልብ ይሏል።

ጃፓናዊው ሺጌኦ ካዋታና ተባባሪዎቹ ያቀረቡት መላ የአዮኖቹን ጨረር በፍጥነት ማወዛወዝ ነው። በየቅጽበቱ የሚዘራው ሞገድ ቦታውን ስለሚለዋውጥ፣ የአንዱ ጕብታ በሌላው ስርጕድ ላይ እያረፈ በከፊል ይጣፋሉ። ከባዱ በቀላሉ መገፋቱ ግን አልቀረም፤ የተቀነሰው የሞገዱ እድገት ብቻ ነው። ስለዚህ «ማጥፋት» ሐሰት ይሆናል፤ «መቆጣጠር» እጅግ ይሰፋል፤ «መግታት» ልኩን ይናገራል። ካሊፎርኒያ ውስጥ በታኅሣሥ 5 ቀን 2022 በ2.05 ሜጋጁል የሌዘር ጕልበት 3.15 ሜጋጁል የውሕደት ጕልበት ተገኝቷል፤ የከባድ አዮኖች መንገድ ግን ከዚህ ደረጃ አልደረሰም።

ከዚህ በመነሣት ለሁኔታው «ኢርጉዕነት»ን፣ ሞገዱ አድጎ ለሚያስከትለው ምስቅልቅል «ሁከት»ን፣ ለመከላከያው «መግታት»ን እናቀርባለን። «ኢርጉዕነት» ለተማሪ ይከብዳል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ሆኖም «ኢሰብአዊ» እና «ኢፍትሐዊ» በዚሁ መንገድ ተፈጥረው ዛሬ የሁሉም ቃላት ሆነዋል። ለጠቅላላ አንባቢ በሚጻፍ ጽሑፍ «አለመረጋጋት» ቢገባ አንከለክልም፤ ፍቹ ግን አብሮ ይጻፍ። አለዚያ አንባቢያችን የተናወጠውን ሲፈልግ፣ ጸጥ ብሎ የቆመውን አደጋ ሳያየው ያልፋል።