ድካም

«ደከመኝ» ያለ ሰው ለፋሁ ማለቱ ነው፣ ዛልኩ ወይስ አረጀሁ? ‹ድካም› ልፋትንም፣ ልፋት የሚያመጣውን መዛልም፣ ‹አቅመ ደካማ› ስንል ደግሞ ዕድሜ ያጎደለውን ጉልበት ይጠራል። ከ1,900 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው የሎጎ ሐይቅ ለሚዋኝ የስድሳ ዓመት ሰው ይህ መደባለቅ ዋጋ ያስከፍላል። መዛሉን ከእርጅና ከቆጠረው ወይ ዋናውን ይተዋል፣ ወይ (ይሄኛው ይብሳል) እልህ ይዞት ርቀቱን ይጨምራል። የአውሮፓ የስፖርት ሳይንስ ኮሌጅና የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጡት የጋራ መግለጫ ጤናማውን ድካም ከጎጂው የለዩት በዋናነት ለማገገም በሚፈጀው ጊዜ ነው፤ አንዱ ከቀናት እስከ ጥቂት ሳምንታት ያልፋል፣ ሌላው ወራት ይፈጃል። የሚዋኘው ርቀት ሳይለወጥ ፍጥነቱ ከቀነሰ፣ እንቅልፉ ከተረበሸና ለውኃው የነበረው ጉጉት ከጠፋ፣ ነገሩ ልፋት ከሚባለው አልፏል።

«ያረጀ አካል ካረፈ ይተሳሰራል» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው፣ ሥራ የፈታ ጡንቻ ይመነምናል። ማረፍ ግን ማቆም አይደለም፤ ርቀትን ቀንሶ፣ ሳይጣደፉ መዋኘትም ዕረፍት ነው። የደጋ ሰው ለከፍታው ለምዷል የሚለውም ልክ ነው፤ ሆኖም መልመድ ከዕድሜ ጋር የሚዘገየውን ማገገም አያፋጥንም። ድካሙ አልለቅ ካለ ግን በልምምድ ብዛት ከማመካኘት በፊት የደም ማነስ፣ የታይሮይድና የልብ ምርመራ ይቀድማል።