በገናው የዳዊት፥ ሠሪው የማን?

ከወንጪትና ከጀማ ገደሎች ተነሥቶ በምሥራቅ እስከ አፋር ቆላ አፋፍ ድረስ የሚዘልቀው የሰሜን ሸዋ ደጋ፥ ይኸውም መንዝ ከማማ፥ ከላሎና ከጌራ ምድሩ ጋር፥ እንዲሁም ጎረቤቶቹ ግሼና መርሐ ቤቴ፥ በታሪክ መጻሕፍት ሲወሳ አስቀድሞ የሚነገርለት የሸዋ ነገሥታት ሐረግ የተመዘዘበት፥ ነጋሲ ክርስቶስ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ የሥርወ መንግሥቱን መሠረት የጣለበት ምድር መሆኑ ነው፤ ከዚያም ቀጥሎ ስለ በጉ፥ ከበጉም ጠጉር ስለሚሠራው ባናና በርኖስ ይነገርለታል። እኔ በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ነገር ከዙፋንም ከልብስም የራቀ ቢመስልም ከሁለቱም ጋር ዝምድና አለው፤ እርሱም በዚህ ደጋና በመሰል ደጋዎች ሁሉ የበገና፥ የክራርና የመሰንቆ አሠራር ያለፈበት መንገድ፥ ይልቁንም መሣሪያው ሲከበር ሠሪው ያለ ስም የቀረበት ምክንያት ነው።

አገሩ ራሱ ለዚህ ሥራ ከሚያስፈልገው ዕቃ ግማሹን ይሰጣል፥ ግማሹን ይነሣል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር በሚያልፈው የመንዝ ራስ ላይ በጉ ሞልቷል፤ ከበጉም አንጀት አውታር ይወጣል። ፈረሱ አለ፤ ከጭራውም ለመሰንቆ ክርና ለደጋኑ የሚሆን ጠጉር ይገኛል። በሬውና ፍየሉም ለድምፅ ሣጥኑ የሚለበሰውን ቆዳ ይሰጣሉ። እንጨቱ ግን እንደ ልብ አይደለም፤ ጓሳ ሣርና አስታ በሚበዛበት በዚያ ብርድ ላይ፥ ለገበታ፥ ለከበሮና ለበገና ገላ የሚመረጠው ዋንዛ አይበቅልም፤ ዋንዛ የወይና ደጋና የቆላ ጠርዝ ዛፍ ነውና። ስለዚህ አውታሩ ከደጋ፥ ግንዱ ከሞቃቱ አገር የሚመጣ በመሆኑ፥ አንድ በገና ገና ሳይሠራ በውስጡ ሁለት የአየር ጠባይ ተስማምተው መገናኘት አለባቸው።

አሠራሩን በቅርብ ለሚመለከት ሰው ትዕግሥት ከመጥረቢያ በፊት የሚያስፈልግ መሣሪያ መሆኑ ወዲያው ይታየዋል። ግንዱ ተቆርጦ በጥላ ሥር ቆይቶ እርጥበቱን ካላወጣ፥ በኋላ ከተቦረቦረ ወዲያ ይሰነጠቃል። የደረቀው ግንድ በመጥረቢያ ተከርክሞ፥ በመሮ ተቦርቡሮ ገበቴ ይሆናል፤ በዚህ ገበቴ አፍ ላይ ያልተለፋ የበሬ ቆዳ ርጥቡን ይወጠራል፥ በጠፍርም ዙሪያውን ይሰፋል፤ ቆዳውም እየደረቀ በሄደ መጠን ራሱን በራሱ እያጠበቀ እንደ ከበሮ ይጠነክራል። ጀማሪው ቸኩሎ ፀሐይ ላይ ያሰጣው እንደ ሆነ አንዱ ወገን ቀድሞ ደርቆ ይጎብጣል፥ ስፌቱንም ይጎትታል። ከገበቴው ሁለት ምሰሶዎች ወደ ላይ ይቆማሉ፤ በራሳቸው ላይ ቀንበር ይጋደምባቸዋል፤ በቀንበሩ ላይ መቃኛዎቹ ይሰለፋሉ፤ በታች በቆዳው ላይ ደግሞ አውታሮቹን የሚሸከመው ብርኩማ ይቀመጣል። ከዚህ በኋላ የበግ አንጀት ታጥቦ፥ ተፍቆ፥ ተገምዶና ተወጥሮ ሲደርቅ ዐሥሩ አውታሮች ይወጣሉ።

ይሁን እንጂ በገናን በገና የሚያሰኘው የመጨረሻው ሥራ ከሁሉ ትንሿ ናት። በእያንዳንዱ አውታርና በብርኩማው መካከል እንዝራ የምትባል የቆዳ ቁራጭ ትገባለች፤ እርሷም በትክክለኛው ቦታ ስትቀመጥ አውታሩ ሲነካ እየነካካችው ያንን ከሩቅ የሚሰማ፥ ከደረት የሚወጣ የመሰለ ዝማሬ ታስወጣዋለች፤ ለጥቂት ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ስትገፋ ግን ድምፁ ወይ ይታፈናል ወይ ይንኮሻኮሻል። በገና የሚቃኝ ሰው ጊዜውን የሚፈጀው አውታሩን በማጥበቅና በማላላት ብቻ ሳይሆን እንዝራዋን በጣቱ ጫፍ በመግፋትና በመሳብ ነው። ይህ በመጽሐፍ የማይጻፍ፥ በጆሮ ብቻ የሚወረስ ዕውቀት ነው።

አባቶች ለዚህ መሣሪያ የሰጡት ምሥጢር የታወቀ ነው፤ ዐሥሩ አውታር የዐሥርቱ ትእዛዛት፥ ሁለቱ ምሰሶዎች የሊቃነ መላእክት የሚካኤልና የገብርኤል፥ ገበቴው የእመቤታችን፥ ከላይ የተጋደመው ቀንበር ሁሉን የሚገዛው የልዑል እግዚአብሔር ምሳሌ ነው ይሉታል። ትውፊቱም በገናን ከንጉሥ ዳዊት ጋር ያዛምደዋል፤ ቀዳማዊ ምኒልክ ከኢየሩሳሌም ሲመለስ ይዞት መጣ ይላል፤ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፉ የብራና ዳዊቶችም ንጉሡን በገናውን ይዞ ተቀምጦ ያሳዩታል። በገና ከቤተ መቅደስ ማሕሌት፥ ከጸናጽሉና ከከበሮው ረድፍ ባይገባም፥ በዐቢይ ጾም በየቤቱ የንስሓና የጸሎት ባልንጀራ ሆኖ ኖሯል።

ባዕዳን መንገደኞችም መሣሪያዎቻችንን አይተው ጽፈዋል። እ.ኤ.አ. ከ1769 እስከ 1771 ድረስ በአገራችን፥ ይልቁንም በጎንደር የቆየው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፥ ቻርልስ በርኒ እ.ኤ.አ. በ1776 ባሳተመው የሙዚቃ ታሪክ መጽሐፍ ውስጥ በወጣለት ደብዳቤ፥ የሐበሻ ክራር አምስት ወይም ስድስት፥ ብዙውን ጊዜም ሰባት አውታር እንዳለው፥ አውታሩም በቀጭኑ ተሰንጥቆ ከተገመደ የበግ ወይም የፍየል ጥሬ ቆዳ እንደሚሠራ፥ ቶሎ እንደሚበሰብስ፥ በበጋ እንደሚበጠስ፥ በእርጥበት ጊዜ ግን ድምፁ ጨርሶ እንደሚደክም አስረድቷል። ሐምሌና ነሐሴ ጉም ተኝቶበት በሚሰነብተው በመንዝ ደጋ አውታር የወጠረ ሰው ሁሉ ይህን ያለ ብሩስ ምስክርነት ያውቀዋል። ሆኖም ብሩስ የአውታሩን ድካም በዝርዝር ሲጽፍ፥ አውታሩን የገመደው ሰው ማን እንደ ነበረ መጠየቅ አላስፈለገውም፤ በዚህም ረገድ ከእኛው ከባለ አገሮቹ የተለየ ሰው አልነበረም።

በመሣሪያዎቹ መካከል የነበረው የክብር ደረጃ ከማኅበረ ሰቡ ደረጃ ጋር የተያያዘ ነበር። በገና የመኳንንትና የወይዛዝርት፥ የመነኮሳትና የሊቃውንት ነበር፤ ዐፄ ቴዎድሮስና ዳግማዊ ምኒልክም ይደረድሩት እንደ ነበር ይነገራል። መሰንቆ የአዝማሪ ነበረ፤ አዝማሪውም ቢወደድና ቢፈራም ከማዕድ ዳር እንጂ ከማዕድ ራስ አይቀመጥም። ክራር ደግሞ ለዘፈንና ለፍቅር ስለሚያገለግል፥ በገናን የእግዚአብሔር፥ ክራርን የሰይጣን መሣሪያ የሚሉ ነበሩ። ደርዳሪው እንደ መሣሪያው ከፍና ዝቅ ሲል፥ ሠሪው ግን በየትኛውም ደረጃ አልተቆጠረም። ገበቴው የሚቦረቦርበትን መሮ የሠራው ቀጥቃጭ ነው፤ የቆዳ ሥራ የፋቂ ሥራ ተብሎ ይናቅ ነበር፤ ቀጥቃጩና ፋቂው፥ ሸክላ ሠሪዋና ሸማኔው በእጃቸው ሥራ ምክንያት የሚሰደቡ፥ ቡዳ እየተባሉ የሚፈሩ፥ ለጋብቻም የማይፈለጉ ሰዎች ነበሩ። እንግዲህ ንጉሥ በጉልበቱ አስደግፎ የሚያለቅስበት በገና፥ ከተናቁ እጆች አልፎ ወደ እርሱ እንደ ደረሰ መናገር የበገናውን ክብር የሚቀንስ መስሎ ስለ ታየ፥ የሠሪው ስም መዋጥ ነበረበት።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኞችን በሥራቸው መሳደብ የሚከለክለውን ዐዋጅ ያስነገሩት ይህንን በሽታ ስላዩ ነው፤ መድፍና ጠመንጃ፥ ድልድይና ቤት ፈልገው የባዕድ ባለ እጅ ለማስመጣት የተገደዱ ንጉሥ፥ የገዛ ባለ እጆቻቸው በስድብ ሲሸማቀቁ ማየት አልቻሉም። ዐዋጁ ስድቡን ከአደባባይ ቢገፋውም ከልብ አላወጣውም። ይልቁንም የሚያስደንቀው፥ ሕዝባችን ዘወትር የሚያነበው መጽሐፍ በዚህ ላይ ሌላ ሐሳብ ያለው መሆኑ ነው፤ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 4 የበገና ያዦች አባት የሆነው ዩባልና የናስና የብረት ሠራተኛው ቱባልቃይን የአንድ አባት፥ የላሜህ ልጆች ናቸው። ደርዳሪውንና ቀጥቃጩን መጽሐፉ ወንድማማች ካደረጋቸው፥ የለያያቸው ልማዳችን ነው ማለት ነው።

በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሌላ እንግዳ መጣ። ሳክስፎኑና ጊታሩ በክብር ዘበኛና በፖሊስ ኦርኬስትራዎች ገብቶ፥ በኋላም እንደ ዋልያስ፥ አይቤክስና ሮሃ ባሉ ባንዶች በአዲስ አበባ ሆቴሎች ነገሠ፤ በዚያው በክብር ዘበኛ ውስጥ የነበረው ካሣ ተሰማ ግን ክራሩን ይዞ ይዘፍን ነበር። ጊታሩ ይዞት የመጣው ድምፅ ብቻ አልነበረም፤ በራሱ ላይ የሠሪውን ስም ጽፎ ነበር የመጣው። እ.ኤ.አ. በ1950 በካሊፎርኒያ ሊዮ ፌንደር ለገበያ ያወጣው የኤሌክትሪክ ጊታር፥ ያልተቦረቦረ ጠፍጣፋ ሳንቃ፥ በላዩም በአራት ብሎን የታሰረ አንገት ነበረ፤ በገበቴ ፈንታ ድምፁን የሚቀበለው በማግኔት ዙሪያ ብዙ ሺህ ጊዜ የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው። ፌንደር የራዲዮ ጠጋኝ እንጂ ጊታር ደርዳሪ አልነበረም፤ መጫወትንም ከቶ አልተማረም። የማይጫወት ሰው በሠሪነቱ ብቻ ስሙ በዓለም መድረክ ሁሉ ላይ ተሰቅሎ ሲኖር፥ እኛ ዘንድ ግን ሠርቶ የሚቃኘው ሰው እንኳ ስሙ ከጎረቤት አላለፈም።

ዛሬ በአዲስ አበባ ክራርን ከኤሌክትሪክ ጋር ያገናኙ ባለ ሙያዎች አሉ፤ የመጀመሪያውን መሣሪያ ራሱ ሊሠራ የሚነሣ ወጣትም አይታጣም። ለእንዲህ ያለው ጀማሪ የሁለቱ ዓለም ልዩነት ወዲያው ይገለጥለታል፤ ማግኔቱ የሚሰማው ብረትን ብቻ ስለ ሆነ፥ የመንዝ በግ አንጀት በላዩ ቢወጠር ምንም ድምፅ አይሰጥም፤ ስለዚህ ወይ አውታሩን የብረት ማድረግ፥ ወይም የብርኩማውን ንዝረት በቀጥታ የሚቀበል ፒዬዞ የሚባለውን ዕቃ ከሥሩ ማስገባት ይኖርበታል። የቀረው ግን ያው የጥንቱ ትዕግሥት ነው፤ እንጨቱ መድረቅ አለበት፤ ምሰሶዎቹ እኩል መቆም አለባቸው፤ ገላው ከሻካራው ብርጭቆ ወረቀት ጀምሮ ወደ ለስላሳው እየተዛወረ መታሸት አለበት፤ ቬርኒሹም በስሱ ተቀብቶ፥ ደርቆ፥ ተለስልሶ እንደ ገና መቀባት አለበት። አንድ ጊዜ ወፍራም አድርጎ የቀባ ሰው የሚያገኘው የተጨማደደና ለብዙ ጊዜ የሚጣበቅ ገላ ነው።

በደርግ ዘመን የበገና ድምፅ ከራዲዮ በመራቁ፥ የአንድ ትውልድ ጆሮ ሳይሰማው ማደጉ ይታወቃል። ያን ጊዜ ያሻገሩን ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ እንጦጦ የተወለዱት ዓለሙ አጋ በ12 ዓመታቸው ከጎረቤታቸው ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል የተማሩትን ይዘው፥ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም አስተምረው በገናን ለዓለም አሰምተዋል። ዛሬ በየሰንበት ትምህርት ቤቱና በየማሠልጠኛው በገና የሚማሩ ወጣቶች ከመብዛታቸው የተነሣ የመሣሪያው ፈላጊ ጨምሯል። የመምህርና የተማሪ ሐረግ እንዲህ በስም ሲቆጠር፥ አለቃ ተሰማ ይደረድሩት የነበረውን በገና የቦረቦረው ሰው ግን በዚያ ሐረግ ውስጥ የለም።

ፍርዴን ልናገር፤ የበገናን ታሪክ ያጎደልነው ባዕዳን አይደሉም፥ ዘመን አይደለም፥ እኛው ነን። ኦሪት የደብተራ ኦሪትን ዕቃ የሠራውን ባስልኤልን ከነአባቱና ከነነገዱ ስትጠራው፥ እኛ ሠሪውን መጥራት ያፈርነው ከመጽሐፉ ተምረን ሳይሆን ከኩራታችን ነው። ስለዚህ በማማም ሆነ በላሎ፥ በዓለም ከተማም ሆነ በአዲስ አበባ፥ በገናም ይሁን ክራር ወይም የኤሌክትሪክ ጊታር ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሠራ ወንድሜና እኅቴ፥ ቆዳውን ከማልበስህ ወይም ቬርኒሹን ከመቀባትሽ በፊት፥ በገላው ውስጥ ስማችሁን፥ የእንጨቱን ዐይነትና የመጣበትን አገር፥ የተሠራበትንም ዓመተ ምሕረት ጻፉ፤ በየገጠሩ ያረጀ በገና ያላችሁ ቤተ ሰቦችም የሠራውን ሰው የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ሳያልፉ ጠይቃችሁ መዝግቡ።