እንቅርትና የጨው መንገድ

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው አነጋገር በመከራ ላይ መከራ መታከሉን ሲያመለክት የኖረው እንቅርት ለኢትዮጵያ ደጋ እንግዳ ስላልነበረ ነው። ምክንያቱ ግን ሰዎች እንደሚያስቡት እርግማን ሳይሆን የአፈር ጉዳይ ነበር፤ ለዘመናት የወረደው ዝናብ አዮዲኑን ከአፈሩ አጥቦ ወስዶታል። የታይሮይድ ዕጢ ሆርሞኑን የሚሠራው በአዮዲን ነው። ለአንድ ጎልማሳ በቀን 150 ማይክሮግራም ያህል ይበቃዋል፤ ይህን ያህሉ ሲጠፋ በአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ ዕጢ ትእዛዟን ታጠብቃለች፣ ታይሮይድም በሥራ ብዛት ያብጣል። የአንገቱ እብጠት ለዓይን የሚታየው ነው፤ የከፋው ግን በማኅፀን ባለው ልጅ አእምሮ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ነው።

በወላይታ ሌላ ምክንያት ተደርቧል። ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ የተስፋፋው ካሳቫ ሕዝቡን ከረሃብ ቢታደግም፣ በደንብ ሳይዘፈዘፍና ሳይቀቀል ሲበላ የሚተወው ሳያናይድ በሰውነት ውስጥ ወደ ታዮሳያኔት ተለውጦ አዮዲን ወደ ዕጢው እንዳይገባ ይሻማዋል።

መድኃኒቱ ከታወቀ ቆይቷል። አዮዲን በ1811 እ.ኤ.አ. ተገኘ፤ በ1820 የጄኔቫው ሐኪም ኳንዴ ለእንቅርት አዘዘው፤ ስዊዘርላንድም በ1922 ከጨው ጋር መቀላቀል ጀመረች። ወደ ኢትዮጵያ አዮዲን ያለበት ጨው ይገባ የነበረው በአመዛኙ በአሰብ በኩል ነበር። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር ያ መንገድ ተዘጋ፤ አዮዲን ያልነካው የአፍዴራ ጨውም ገበያውን ያዘ። በሃላሌ ገበያ ጨው የምትሸምት እናት የምታየው ለውጥ አልነበረም፤ ነጭነቱም ጣዕሙም ያው ነው። በ1997 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ10 የኢትዮጵያ ሕፃናት 4ቱ ያህል እንቅርት ተገኘባቸው፤ በደቡብ ክልል ከግማሽ በላይ ነበሩ።

ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድደው ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። በ2008 ዓ.ም. ከ10 ቤቶች በ9ኙ ያህል ጨው ውስጥ አዮዲን ተገኘ፤ በቂ መጠን ያለው ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ ነበር። ይህ የሕክምና ሳይሆን የምሕንድስና ጉድለት ነው። በአንድ ኩንታል ጨው ውስጥ ከ2 እስከ 4 ግራም የማይበልጥ አዮዲን በእኩል ማዳረስ፣ በጀርባ በሚታዘል መርጫና በአካፋ የሚሆን ሥራ አይደለም። አንዱ ከረጢት ሲበዛበት ሌላው ባዶውን ይወጣል፤ በፀሐይና በእርጥበት ተከፍቶ ሲሸጥ ደግሞ የነበረውም ይቀንሳል።

የልጅ እንቅርት አዮዲን ሲያገኝ ይጎድላል። ዓመታት ያስቆጠረና የተቋጠረ ግን አይመለስም፤ እንዲያውም አዮዲን ድንገት ሲበዛበት ሆርሞኑን ከልክ በላይ ሊያፈስ ይችላል። መተንፈስ ካስቸገረ በቀዶ ጥገና ይወጣል፤ ዕጢው በሙሉ የወጣለት ሰውም የታይሮይድ ሆርሞኑን በክኒን፣ በየቀኑ፣ ዕድሜውን ሙሉ ይውጣል።