ዝናም ያቆማት ከተማ

በክረምት መንገድ የጀመረ ሰው ሐሳቡን ዝናም ይቈርጥበታል። በነሐሴ ወር ወደ ሰሜን ተራራ ሊያልፍ አስቦ ጐንደር ያደረ መንገደኛ፥ በማለዳ ሰማዩ ደፍኖ ጐዳናው ጐርፍ ሆኖ ቢያገኘው፥ ቀኔ በከንቱ አለፈ ብሎ ያዝናል። ነገር ግን በፋሲል ግቢ ቢውል፥ እርሱን ያቆመው ዝናም አስቀድሞ ነገሥታቱን ያቆመ መሆኑን ይረዳል። ከተማይቱንም ያቆማት ይኸው ዝናም ነው።

ከጐንደር በፊት ለብዙ ዘመን የነገሥታቱ ኑሮ በድንኳን ነበረ። በበጋ ሠራዊታቸውን አስከትለው ከአገር ወደ አገር ይዘዋወራሉ፤ ዝናሙ ሲበረታ ግን ወንዙ ይሞላል፥ መንገዱ ይጨቀያል፥ የጭነቱም ከብት ይደክማል። ስለዚህ ንጉሡ አንድ ስፍራ መርጠው ይከርማሉ። የታሪከ ነገሥት ጸሐፊዎችም ንጉሡ ወዴት እንደ ከረሙ መጻፍ ልማዳቸው ነበረ። በግዕዝ ክረምት ማለት የዝናሙ ወራትም ዓመቱም ነው፤ በአማርኛም ሰው ከሰው ተለያይቶ ሲገናኝ «እንዴት ከረምህ?» ይባባላል። ክረምቱን በደኅና ያለፈ ዓመቱን አለፈ ማለት ነውና።

የመክረሚያውም ስፍራ ቀስ በቀስ ከድንኳን ወደ ግንብ ተለወጠ። ዐፄ ሠርፀ ድንግል በጉዛራ፥ ዐፄ ሱስንዮስ በደንቀዝ አሠሩ። ዐፄ ፋሲልም በ1624 ዓ.ም. ነገሡ፤ በ1628 ዓ.ም. ገደማ በቀኃና በአንገረብ ወንዞች መካከል ጐንደርን ቈረቈሩ። ክረምት ሲወጣ ይነቀል የነበረው ሰፈር በዚህ ጊዜ ሳይነቀል ቀረ። ንጉሡ ለዘመቻ ቢወጡም የሚመለሱበት ቤት ተገኘ። ልጃቸው ዐፄ ዮሐንስ፥ የልጅ ልጃቸው ዐፄ ኢያሱ፥ ከዚያም ዐፄ ዳዊት፥ ዐፄ በካፋና እቴጌ ምንትዋብ ዙሪያው 900 ሜትር በሚያህለው በዚያው ቅጥር ውስጥ በየተራቸው ሠሩ። ነጋዴውና ባለ እጁ ተሰበሰቡ፤ የሊቃውንቱም ጉባኤ ሰፋ። መምህር ወንበሩን የሚዘረጋው ደቀ መዝሙሩ ተመልሶ በሚያገኘው ስፍራ ነውና።

መንገደኛው ከፋሲል ግንብ ወርዶ ወደ ኢያሱ ግንብ ሲሻገር ግን ሌላ ትምህርት ያገኛል። በዘመኑ ጌጡ የተደነቀው ይህ ቤት፥ ጐንደርን ከኢጣልያ ለማስለቀቅ በተደረገው ጦርነት ጊዜ ከእንግሊዝ አየር በወረደ ቦምብ ተጐድቷል፤ ጣራውም ወድቆ ለብዙ ዘመን ዝናም ሲወርድበት ኖሯል። በድንጋይና በድንጋይ መካከል ያለው ኖራ ሲረግፍ ውኃ ይገባል፤ ውኃው በገባበትም ሣር ይበቅላል፤ የሣሩም ሥር ከጠላት መድፍ ይልቅ በዝግታ፥ ነገር ግን ሳያርፍ ያፈርሳል። በወረራው ዘመን በሲሚንቶ የተጠገነውም ከጥንቱ ሥራ ጋራ ስላልተስማማ፥ በኋላ በኖራ እንዲታረም ሆኗል።

ግቢው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1979 በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፏል። ነገር ግን መዝገብ ጣራ አይሆንም። በቤተ ክርስቲያን አቈጣጠር ክረምት ሰኔ 26 ገብቶ መስከረም 25 ይወጣል፤ በየዓመቱም ሳይቀር ይመለሳል። ጠጋኙም እንደ ክረምቱ በየዓመቱ ሊመለስ ይገባዋል፤ ዝናም ያቆመውን ዝናም እንዳያፈርሰው።