የአጥንት ካንሰር ሕመም የራዲዮአክቲቭ መድኃኒት ሕክምና

የአጥንት ካንሰር ሕመም የራዲዮአክቲቭ መድኃኒት ሕክምና ወደ አጥንት የተዛመተ ካንሰር የሚያስከትለውን ሕመም በደም ሥር በሚሰጥ ጨረር አመንጪ መድኃኒት የማስታገስ ዘዴ ነው። በተለይ ከፕሮስቴት ወይም ከጡት የተነሳ ካንሰር በብዙ አጥንቶች ላይ ለተሰራጨባቸውና ሌላ የሕመም ማስታገሻ ለማይበቃቸው ሰዎች ይሰጣል። ካንሰሩን አያድንም። ታካሚው ብዙውን ጊዜ በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ስለሚመለስ የቤተሰቡ ጥንቃቄ የሕክምናው አካል ነው።

አሠራር

ስትሮንሺየም እና ራዲየም በባሕርያቸው ካልሲየምን ስለሚመስሉ ካንሰሩ ባለበት የአጥንት ክፍል ይከማቻሉ። ሳማሪየም ደግሞ አጥንት ላይ ከሚያርፍ ውሕድ ጋር ተያይዞ ይሰጣል።

• ስትሮንሺየም-89፦ ቤታ ቅንጣት ያመነጫል፤ ግማሽ ዕድሜው 50.5 ቀን ነው።
• ሳማሪየም-153፦ ቤታ ቅንጣትና ጥቂት ጋማ ጨረር ያመነጫል፤ ግማሽ ዕድሜው 46 ሰዓት ገደማ ነው።
• ራዲየም-223፦ አልፋ ቅንጣት ያመነጫል፤ ግማሽ ዕድሜው 11.4 ቀን ነው። ለፕሮስቴት ካንሰር በየ4 ሳምንቱ እስከ 6 ጊዜ ይሰጣል።

እፎይታው አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ይመጣል። በአንዳንድ ሰዎች ላይ ሕመሙ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊብስ ስለሚችል የቀድሞው ማስታገሻ ወዲያው አይቋረጥም።

ከመርፌው በፊት

መድኃኒቱ የአጥንት መቅኔን ስለሚነካ ነጭ የደም ሴልና ፕላትሌት ይቆጠራሉ፤ የኩላሊት ምርመራም ይደረጋል። ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት አይሰጥም። ካንሰሩ ህብለ ሰረሰርን ከተጫነ (እግር መዛል፣ ሽንት መከልከል) ሌላ አስቸኳይ ሕክምና ያስፈልጋል።

በቤት ውስጥ ጥንቃቄ

ቤታና አልፋ ቅንጣቶች ከሰውነት ውጭ እምብዛም ስለማይወጡ ከታካሚው ጋር አብሮ መብላትና መቀመጥ አያሰጋም። ዋናው ጥንቃቄ ሽንት፣ ዓይነ ምድርና ደም ላይ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት፦

• ወንዶችም ቢሆኑ ተቀምጠው ይሸናሉ፤ መጸዳጃው ሁለት ጊዜ በውኃ ይለቀቃል። የጉድጓድ መጸዳጃ ከሆነ አፉ በውኃ ይታጠባል።
• እጅ በሳሙና ይታጠባል።
• ሽንት ወይም ደም የነካው ልብስና አንሶላ ለብቻው ይታጠባል፤ አስታማሚው ጓንት ያደርጋል።
• ሽንት መቆጣጠር ለማይችል ታካሚ የሽንት ቱቦ ይገባለታል።

ታካሚው በሳምንታት ውስጥ ቢሞት አስከሬኑን ለሚያጥቡትና ለሚገንዙት ሰዎች ጓንት እንዲያደርጉ ይነገራል፤ ለሆስፒታሉም ይታወቃል።

በዓለም አቀፍ መመሪያ መሠረት ለማኅበረሰቡ የተቀመጠው የጨረር ወሰን በዓመት 1 ሚሊሲቨርት ሲሆን፣ ለአስታማሚ በአንድ ሕክምና 5 ሚሊሲቨርት ነው።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የጨረር አጠቃቀም በጨረራና ኒውክሌር ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1025/2009 ይገዛል። የኒውክሌር ሕክምና ክፍል በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ይገኛል። ወላይታ ሶዶ ከአዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ስለምትርቅ ለወላይታ ዞን ታካሚ እንዲህ ያለ ሕክምና ረጅም የአውቶቡስ ጉዞ ማለት ነው። የሳማሪየም ትርፍ በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በሽንት ስለሚወጣ፣ እነዚያን ሰዓታት በሆስፒታሉ አቅራቢያ ማሳለፍና ከመሳፈር በፊት መሽናት ይመረጣል።

ከመርፌው በኋላ ባሉት ሳምንታት የሚያስፈልገው የደም ቆጠራ ግን ለታካሚው ቅርብ በሆነ ሆስፒታል ሊሠራ ይችላል። ለዚህም የመድኃኒቱ ስም፣ መጠንና ቀን የተጻፈበት ወረቀት ከታካሚው ጋር ይሰጣል። ሽንቱን የሚደፉትና አንሶላውን የሚያጥቡት የቤተሰብ አባላት በመሆናቸው፣ መመሪያው እነሱ በሚረዱት ቋንቋ፣ ለምሳሌ በወላይትኛ፣ ሊነገራቸው ይገባል።